እጅ ለመያዝ አርባ ክፍል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጉዱማሌ ነበርን፡፡ እኔ፣ ታናሽ እህቴና አያቴ፡፡ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደስ ይላል፤ ቆሎ ይዘናል፤ ለአያቴ ነጠላ አንጥፈንላታል፡፡ እህቴ ግን ሐይቁንም ቆሎውንም ረስታ ስልኳ ላይ ተደፍታለች፡፡ የቻይና ድራማ፡፡ ያውም የጥንቱ ዓይነት… ሰው ሁሉ ረጅም ሐር ለብሶ፣ ፀጉሩን ሰቅሎ፣ ሻይ እየጠጣ የሚጠቃቀስበት፡፡

«ስንተኛው ክፍል ላይ ደረስሽ?» አልኳት፡፡

«አርባ፡፡»

«ተሳሳሙ?»

«ኧረ እጇንም አልያዛት፡፡»

ሳቅኩባት፡፡ አርባ ክፍል! በአርባ ክፍል ውስጥ የእኛ ሰፈር ሰው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ተፋትቶ፣ ሁለተኛዋን ለማግባት ሽማግሌ ይልካል፡፡ አያቴ ምን እንዳሳቀን ጠየቀች፡፡ እህቴ በሲዳምኛ አስረዳቻት፤ ሰውዬው ሴትዮዋን ይወዳታል፣ እሷ ደግሞ ገና አላመነችውም፣ ስለዚህ እየጠበቀ ነው፡፡

አያቴ ስልኩን ተቀብላ ዓይኗን አጥብባ ለአፍታ አየችው፡፡ ከዚያ መለሰችላትና «ይጠብቅ» አለች፡፡ ሌላ አልጨመረችም፡፡

ይቺን ቃል የማታውቋት ስለምትመስላችሁ ልንገራችሁ፡፡ አያቴ የተጠለፈች ሴት ናት፡፡ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ነው መንገድ ላይ የወሰዷት፡፡ ይህ ታሪክ በቤታችን እንደ ጨዋታ ነበር የሚወራው፡፡ አጎቶቼ ያወሩታል፣ ይስቃሉ፣ እንዴት እንደሮጡ፣ እንስራው እንዴት እንደተሰበረ… አያቴ ደግሞ አጎንብሳ ቡና ትቀዳለች፡፡ ስለ እንስራው ሰምቼ አድጌያለሁ፡፡ ስለ እሷ ግን ማንም አውርቶ አያውቅም፡፡ እኔም ጠይቄ አላውቅም፡፡ ለዚያች ለ«ይጠብቅ» ሃምሳ ምናምን ዓመት የፈጀባት ይመስለኛል፡፡

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው፡፡ ማታ ቤት ገብቼ ራሴን የጠየቅኩት ጥያቄ አንድ ነው፡፡ ዝግ ብሎ የሚሄድ ፍቅር የሚያምረን ለምንድነው? መልሱን ፍለጋ ቻይና ድረስ ሄጄ ተመልሼ እዚያው ጉዱማሌ አገኘሁት፡፡ ተከተሉኝ፡፡

ሐር የለበሰ ሕልም

እኛ አገር በባዕድ ድራማ መመሰጥ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲመጣ በአማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎች ስንቱን ቤት እንዳስመሹ፣ ስንቱን ወጥ እንዳሳረሩ ታስታውሳላችሁ፡፡ የቻይናዎቹ ግን በሌላ በር ነው የገቡት፤ በስልክ፣ በዩቲዩብ፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ፡፡

ከዝነኞቹ አንዱ «የሚንግላን ታሪክ» ነው፡፡ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ሲሆን ከሰባ በላይ ክፍሎች አሉት፡፡ ዘመኑ የሶንግ ሥርወ መንግሥት ነው፤ ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት፡፡ ሚንግላን የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ናት፤ ነገር ግን ከዋናዋ ሚስት ሳይሆን ከቁባት የተወለደች፡፡ እናቷን በልጅነቷ ታጣለች፡፡ ቤቱ ውስጥ በሕይወት ለመቆየት ብልጠቷን ደብቃ፣ የማታውቅ መስላ ታድጋለች፡፡ መጀመሪያ የወደዳት የመኳንንት ልጅ በእናቱ ምክንያት ያመልጣታል፡፡ በመጨረሻ የምታገባው ስሙ የጠፋ፣ ከቤቱ የተጣላ ሰው ነው፡፡ ልብ በሉ፤ ድራማው በሠርግ አያልቅም፡፡ እንዲያውም ፍቅሩ የሚጀምረው ከሠርጉ በኋላ ነው፡፡ ሰውዬው ሚስቱን አግብቷታል፤ እምነቷን ግን ገና አላገኘም፡፡ ክፍል በክፍል ያገኘዋል፡፡

(ለወሬ ወዳጆች አንዲት ቅንፍ፡፡ ሚንግላንን የሠራችው ዣዎ ሊዪንግና ባሏን ሆኖ የሠራው ፌንግ ሻዎፌንግ በእውነተኛው ሕይወትም በ2018 ተጋቡ፤ በ2021 ተፋቱ፡፡ ድራማው ከትዳሩ የበለጠ ዕድሜ አለው ማለት ነው፡፡)

ሌላው በዚያው ዓመት የወጣው «የያንሺ ቤተ መንግሥት ታሪክ» ነው፤ ሰባ ክፍል፡፡ ዪንግሉዎ የምትባል ልጅ የእህቷን አሟሟት ለማጣራት በሠራተኝነት ቤተ መንግሥት ትገባለች፡፡ ወደ ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ አጠገብ የምትደርሰው በመሽኮርመም ሳይሆን ነገር በማወቅና ባለመፍራት ነው፡፡ ቻይና ውስጥ ጉድ የተባለለት ሥራ ሆነ፤ በ2019 መጀመሪያ ደግሞ የቤጂንግ አንድ የመንግሥት ጋዜጣ «እንዲህ ያሉ የቤተ መንግሥት ድራማዎች መጥፎ ምሳሌ ናቸው» በሚል መንፈስ ወረደባቸው፡፡

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ታሪክ የሚያስነጥሰው፡፡ ያኔ ቻይና ውስጥ የነበረች ሴት እንዲህ ነበረች ወይ? አልነበረችም፡፡ ጋብቻ የወላጆችና የአጋቢዋ ሴትዮ ጉዳይ ነበር፤ ብዙ ሙሽሮች የባላቸውን ፊት የሚያዩት የሠርጉ ዕለት ነው፡፡ ሀብታም ሰው ከሚስቱ በላይ ቁባቶች ይይዛል፡፡ የሴት ልጅን እግር ከልጅነቷ ጀምሮ ጠፍሮ የማሳነስ ልማድ ከዚያው ከሶንግ ዘመን ወዲህ ተስፋፍቶ፣ በሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፡፡ እግሯ የተጠፈረ ሴት ከፈለገችው ሰው ጋር በአትክልት ቦታ ዝግ ብላ ልትንሸራሸር ቀርቶ ከበር እስከ በር መሄድም ሥቃይዋ ነው፡፡ ቁባት መያዝንና ልጅ አስገድዶ መዳርን የከለከለው የጋብቻ ሕግ የወጣው በ1950 ነው፡፡ ያ ማለት ያንን ሕግ ሳያዩ የተዳሩ ሴቶች የዛሬ ቻይናውያን ወጣቶች ቅድመ አያቶች ናቸው፡፡

ታዲያ ይህ አርባ ክፍል የሚፈጅ ፍቅር ከየት መጣ? ከዛሬ ነው የመጣው፡፡ የሚንግላን ድራማ የተወሰደው ኢንተርኔት ላይ በተከታታይ ከተጻፈ ልብ ወለድ ነው፡፡ ከ2003 ጀምሮ እንደሚሠራው ጂንጂያንግ ባሉ ድረ ገጾች ላይ የሚጽፉትም የሚያነቡትም በብዛት ሴቶች ናቸው፡፡ የዛሬዋ ልጅ ለቅድመ አያቷ ያልተሰጣትን ጊዜ በልብ ወለድ እየሰጠቻት ነው፡፡ «አንቺን ማንም አልጠየቀሽም፤ እኔ ግን ሰባ ክፍል ሙሉ የሚጠይቅሽ ሰው እጽፍልሻለሁ» እንደማለት፡፡

ይህን ሳስብ አያቴና ስልኩ ትዝ አሉኝ፡፡

የተቆረጠችው ንግሥት

ከድራማው ወደ እውነተኛው ታሪክ እንግባ፡፡ በቻይና ረጅም ታሪክ ውስጥ በራሷ ስም ንጉሠ ነገሥት የተባለች ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ ዉ ዜቲያን፡፡ በልጅነቷ የንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ ቁባት ሆና ቤተ መንግሥት ገባች፡፡ እሱ ሲሞት በወጉ መሠረት ወደ ቡድሂስት ገዳም ተላከች፡፡ ታሪኩ እዚያ ማለቅ ነበረበት፡፡ የሟቹ ልጅ ጋዎዞንግ ግን አልረሳትም፤ መልሶ አስመጣት፡፡ በ655 ንግሥት ሆነች፤ ባሏ ሲታመም አገሩን አብራው ገዛች፤ በ690 ደግሞ የራሷን ሥርወ መንግሥት አውጃ ዙፋኑ ላይ ወጣች፡፡ እስከ 705 ገዛች፡፡

ስለሷ የጻፉት ከሷ በኋላ የመጡ ወንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው፡፡ የገዛ ሕፃኗን ገድላ በተቀናቃኟ አሳብባለች የሚለውን ጨምሮ ያላሸከሟት ኃጢአት የለም፡፡ ጨካኝ አልነበረችም ለማለት አልደፍርም፤ በዚያ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ርኅሩኅ ወንድም ብዙ አልነበረም፡፡ የሷ ጭካኔ ግን «ሴት ስትነግሥ እንዲህ ነው» ለማለት ተቆጠረ፡፡ የወንዱ ጭካኔ «ቆራጥነት» ተባለ፡፡

ከባሏ ጎን በተቀበረችበት በቺየንሊንግ መቃብር ፊት የቆመላት ትልቅ ሐውልት ሲሠራ አንድም ቃል አልተጻፈበትም፡፡ ባዶ ድንጋይ ነበር፡፡ ለምን ባዶ እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፡፡

እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ፋን ቢንግቢንግ ዉ ዜቲያንን ሆና የሠራችበት ትልቅ ድራማ ቻይና ውስጥ መታየት ጀመረ፡፡ ከሳምንት በኋላ በድንገት ተቋረጠ፡፡ በጥር 2015 ሲመለስ ሴቶቹ ከአንገት በላይ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ የዘመኑ ልብስ ደረት ስለሚያሳይ ምስሉን ከአንገት በታች ቆርጠውት ነበር፡፡ ሕዝቡ በትልልቅ ጭንቅላቶቹ ስቆ ሞተ፡፡ አስቡት እስቲ… አንዲት ሴት ከሞተች 1300 ዓመት አልፏት አሁንም አካሏ ያስቸግራል፡፡

ወዳጆቼ፣ ይህን ሳነብ ድንግጥ ያልኩት የዉ ዜቲያንን ታሪክ በሌላ ስም ስለማውቀው ነው፡፡ እናንተም የሐዋሳ ልጆች ከሆናችሁ ታውቁታላችሁ፡፡

ፉራ፡፡

ሲዳማ ውስጥ ያደገ ሰው የንግሥት ፉራን ተረት ያልሰማበት ቤት የለም፡፡ ተራኪው እንደየአካባቢው ይለያያል፤ አጥንቱ ግን ይህ ነው፡፡ በጥንት ጊዜ ፉራ የምትባል ንግሥት ነበረች፡፡ ሴቶችን ትወዳለች፣ ትመክራለች፤ ወንዶቹን ደግሞ ሰማይና ምድር ታስመታቸዋለች፡፡ የማይቻል ሥራ ታዛቸዋለች፡፡ ሰማይና ምድር መካከል ቤት ሥሩልኝ አለቻቸው ይባላል፡፡ ከተደበቀ አንድ ብልህ ሽማግሌ ምክር ተቀብለው «እሺ፤ መሠረቱን አንቺ ጣይልን» ብለው አመለጡ፡፡ በመጨረሻ ፈጣን መጋለቢያ አምጡልኝ ስትል፣ ወንዶቹ ያልተገራ የዱር አውሬ ላይ አሰሯት፤ አንዳንዱ ቀጭኔ ነው ይላል፡፡ አውሬው ሲፈረጥጥ አካሏ እየተገነጠለ በየቦታው ወደቀ፡፡ የወደቀበት ቦታ ሁሉ ስሙን ከዚያ አገኘ ይባላል፡፡ በጎረቤቶቻችን በጉጂ ኦሮሞዎች ዘንድም የአኮ ማኖዬ ተረት የዚህ እህት ነው፡፡

ልጅ ሆኜ ይህን ተረት ስሰማ የሚያስቀኝ የሽማግሌው ብልጠት ነበር፡፡ አሁን ግን ሌላ ነገር ታየኝ፡፡ ተረቱ «የሴት አገዛዝ መጨረሻው ይህ ነው» ለማለት ነው የሚነገረው፡፡ ግን ለማስፈራሪያ የተነገረው ተረት ራሱ ያልታሰበ ሥራ ሠራ፤ አገሩን ሁሉ በሷ ስም ሞላው፡፡ የወንዶቹን ስም ማንም አያስታውስም፡፡ አውሬው ላይ ያሰሯት እነማን ናቸው? የብልሁ ሽማግሌ ስም ማን ነው? የለም፡፡ ፉራ ግን አለች፡፡ ሴቶቹ ስሟ ሲነሳ ወይም ወደቀችበት የሚባል ቦታ ሲደርሱ ወተት ያፈሳሉ፣ ወንዶቹ በበትራቸው መሬት ይመታሉ ሲሉ ሰምቻለሁ፡፡ አንድ ተረት፣ ሁለት አድማጭ፡፡ አንዱ ይሰድባል፣ ሌላዋ ታዝናለች፡፡

ዉ ዜቲያን ባዶ ሆኖ የቆመላት ድንጋይ አላት፡፡ ፉራ ደግሞ ድንጋይ የላትም፤ አገሩ ነው ድንጋይዋ፡፡ ሁለቱንም ቆርጠዋቸዋል፤ አንዷን በአውሬ፣ አንዷን በካሜራ፡፡

ፊቼ ማን ናት?

አሁን ወደተነሳንበት እንመለስ፡፡ ጉዱማሌ፡፡

ጉዱማሌን የማያውቅ የሐዋሳ ሰው የለም፡፡ ሌላ ጊዜ የመናፈሻ ቦታችን ነው፤ ፊቼ ጨምበላላ ሲመጣ ግን የሲዳማ አገር በሙሉ እዚህ የመጣ ይመስላል፡፡ አያንቶዎቹ ከዋክብትን አይተው፣ የጨረቃን ቦታ አስልተው ቀኑን ይናገራሉ፤ ቀኑም በየዓመቱ ይለዋወጣል፡፡ ሽማግሌዎች ቄጣላቸውን እያዜሙ በጉዱማሌ ሜዳ ሲገቡ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፡፡ ልጃገረዶችና ጎረምሶች ፋሮ ይጫወታሉ፡፡ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፡፡ በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው ስንት ሰው እንደጨፈረ ያየ ያውቃል፡፡

ግን ከጨፈርነው ውስጥ ስንቶቻችን ነን ፊቼ የሴት ስም መሆኑን የምናውቀው?

የአፍ ታሪኩ እንዲህ ነው፡፡ ፊቼ የምትባል ሴት ነበረች፡፡ ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ለመጠየቅ ትሄድ ነበር፡፡ ስትሄድ ባዶ እጇን አይደለም፤ ቡሪሳሜ ሠርታ ትይዛለች፤ ከቆጮ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራውን፡፡ ያንን ከወላጆቿ ጎረቤቶች ጋር ተካፍለው ይበላሉ፡፡ እሷ ካለፈች በኋላ ያ የዓመት ቀን በስሟ ቀረ፡፡

በቃ፡፡ ይኼው ነው፡፡ ጦርነት የለም፣ ዙፋን የለም፣ አውሬ የለም፡፡ አንዲት ያገባች ሴት ቅቤ ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ ሕዝቡ አዲስ ዓመቱን በሷ ስም ጠራው፡፡

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የሰማሁት ግን የቡሪሳሜውን ነው፡፡ መንገዱን አልሰማሁም ነበር፡፡ አሁን የምለው የእኔ ንባብ ነው፤ አያንቶዎቹን አታስቀይሙብኝ፡፡ በዚያ ዘመን ያገባች ሴት የባሏ ቤት ሰው ናት፡፡ ፊቼ ግን በየዓመቱ መንገድ ትወጣለች፡፡ ዓመት ሙሉ የሠራችበትን እጇን ይዛ፣ በራሷ እግር፣ ወደምትወዳቸው ሰዎች ትሄዳለች፡፡ ከዚያ ደግሞ ትመለሳለች፡፡ መሄዷ ብቻ ቢሆን ኩብለላ ነው፡፡ መመለሷ ብቻ ቢሆን ግዞት ነው፡፡ ሄዳ መመለሷ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ትዳሩ በር አለው ማለት ነው፡፡ በር ያለው ቤት ውስጥ የምትኖር ሴት ደግሞ የምትኖረው ስለወደደች ነው ብለን ለማመን ምክንያት ይኖረናል፡፡

የቻይናዎቹ ድራማ ሰባ ክፍል ፈጅቶ ሊለው የሚፈልገውን የጉዱማሌ በዓል በአንዲት ሴት መንገድ ብሎታል፡፡

በትር ያላቸው ሴቶች

«ተረት ነው፤ ተረት ደግሞ ጥርስ የለውም» የሚል ይኖራል፡፡ ጥርስ ያለውም ነበር፡፡

ያገባች የሲዳማ ሴት ሲቆ የሚባል በትር አላት፡፡ ሲታይ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ለከብት መንጃ አይሆንም፣ ለምርኩዝም አያስተማምንም፡፡ ክብሯ ነው፡፡ ባል ሚስቱን ሲደበድብ ወይም ሲያዋርድ፣ ሴቶቹ ሲቋቸውን ይዘው ተጠራርተው ይወጣሉ፡፡ ይህ ስብስብ ያካ ይባላል፤ የምትመራውም ቃሪቾ የምትባል፣ ሴቶቹ ራሳቸው ያከበሯት ሴት ናት፡፡ እየዘፈኑ፣ እየዘለፉ አጥፊው ደጅ ይሄዳሉ፡፡ ቤት ውስጥ ያለ ሥራ ይቆማል፡፡ ሽማግሌ ገብቶ፣ ሰውዬው ጥፋቱን አምኖ፣ ካሳውን ሰጥቶ ይቅርታ ካልጠየቀ በቀር አይመለሱም፡፡ በኦሮሞ ዘንድ ያለው ሲንቄ የዚህ ቅርብ ዘመድ ነው፡፡

ያካ ሁሉን አላዳነም፡፡ አያቴን አላዳናትም፤ እሷ ስትወሰድ ገና ያላገባች ልጅ ነበረች፣ ሲቆ የላትም፡፡ በትሩ የሚሰጠው ከሠርግ በኋላ ነው፡፡ የሚያስፈልገው ደግሞ አንዳንዴ ከሠርግ በፊት ነው፡፡ የወጉን ቀዳዳ ማሳየት ወጉን መናቅ አይደለም፤ ቀዳዳው ውስጥ የወደቁ ሰዎች ስላሉ ነው፡፡

የእኛው ሰባ ክፍል

ቻይናዎቹ የቤተ መንግሥት ፍቅራቸውን እንዲህ ሲተርኩ እኛ ምን አጥተን ነው? ምንም አላጣንም፡፡ ጣይቱ ብጡልን ውሰዱ፡፡

ጣይቱ ምኒልክን ስታገባ አይነ አፋር ልጃገረድ አልነበረችም፡፡ ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብታለች፤ ከዚያ በፊት ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ አግብታ ፈትታለች፡፡ ግዕዝ የተማረች፣ ቅኔ የምታውቅ፣ በገና የምትደረድር ሴት ናት፡፡ በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ አንኮበር ላይ ሲጋቡ ብዙው ሰው የፖለቲካ ጋብቻ ነው ያለው፤ የሸዋው ንጉሥ የሰሜንና የጎንደር ዘመድ ያስፈልገዋል፡፡ ውሸት አይደለም፡፡ ግን እንደ ሚንግላን ድራማ ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከሠርጉ በኋላ ነው፡፡

በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራላት ጠየቀች፤ ቦታውን አዲስ አበባ አለችው፤ ከተማ ሆነ፡፡ በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ክርክር ከባሏ ይልቅ የጠነከረችው እሷ ነበረች፡፡ በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ምሽግ ውስጥ የነበረውን የጣሊያን ጦር በውሃ ጥም እንዲያዝ ምንጩን ማስያዝ የሷ ምክር ነበር፤ ምሽጉም ተለቀቀ፡፡ ንጉሡ አዎ ለማለት ሲቸኩል «እምቢ» የምትልለት ሚስት ነበረችው፡፡ የማይችለውን «እምቢ» ሰው እንዲልለት የሚፈቅድ ባል ደግሞ ሚስቱን ያዳምጣል ማለት ነው፡፡ እኔ ይህን ፍቅር እለዋለሁ፡፡ ዓመታት የፈጀ፣ ዝግ ብሎ የነደደ፡፡

ምኒልክ ሲታመም አስታመመችው፤ አገሩንም ያዘች፡፡ ይህን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ አልቻላትም፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን ገፏት፡፡ ባሏ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፍ ወደ እንጦጦ ማርያም ሄደች፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው ሞተች፡፡ ዛሬ አዲስ አበባ በዓታ ለማርያም ከባሏ ጎን አርፋለች፡፡ ልክ እንደ ዉ ዜቲያን፤ ባለቤቷ ሲታመም አገር የገዛች፣ ከዚያ የተገፋች፣ በመጨረሻ ከጎኑ ያረፈች፡፡ ልዩነቱ፣ ቻይናዎቹ ስለሷ ደጋግመው ድራማ ሠርተዋል፡፡ እኛ ግን ጣይቱን በሰባ ክፍል ገና አላየናትም፡፡

ጊዜ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር፡፡

ፍቅር ዝግ የሚለው ለምንድነው? አንዱ ወገን መልስ ስላልሰጠ ነው፡፡ መልስ መጠበቅ ትርጉም የሚኖረው ደግሞ መልሱ «አይሆንም» ሊሆን የሚችል ከሆነ ነው፡፡ ጠላፊ ዝግ አይልም፡፡ ጠላፊ ክፍል አንድ ላይ ይጨርሰዋል፡፡

የእኛ ሕግም ለረጅም ጊዜ ከጠላፊው ጋር ቸኩሏል፡፡ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ይልና፣ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ግን ከቅጣት ያመልጥ ነበር፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ፈቅዶ፣ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ አስቀመጠው፡፡ አያቴ የተጠለፈችው በነዚህ ሕጎች ዘመን ነው፡፡ ማንም አልተከሰሰም፤ እንደ ሕጉ ችግሩ በሠርግ ተፈትቷል፡፡

በ1989 ዓ.ም. አካባቢ አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት የአርሲ ልጅ የጠለፋትን ሰው ለማምለጥ ስትል በጥይት ገደለችው፡፡ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፡፡ ፍርድ ቤቱ ራሷን ተከላክላለች ብሎ ነፃ ለቀቃት፡፡ ታሪኳ እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆነ፤ ጠበቃዋም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፡፡ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፡፡ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ «አገባኋት» የሚለውን የጠላፊ መሸሸጊያ ዘጋው፡፡

ይህን ሁሉ ስደረድር የሕግ ትምህርት ለመስጠት አይደለም፡፡ እነዚህ ሕጎች ሲጨመቁ የሚወጣው አንድ ነገር ነው፤ ጊዜ፡፡ ሴቲቱ ለማሰብ፣ ለመጠየቅ፣ ለመጠርጠር፣ ሐሳቧን ለመቀየር ጊዜ አላት፡፡ አርባ ክፍል አላት፡፡ እህቴ በስልኳ የምታየው የሐር ልብሱን ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቅ ወንድ ነው፡፡

ደግሞም በወሬ ብቻ አይደለም የምታየው፡፡ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፡፡ ከሁለት ወር በፊት ቤታችን ሽማግሌ መጥቶ ነበር፡፡ ልጁ ጨዋ ነው፤ ሥራ አለው፤ እናቴ ወዳዋለች፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ወድጄዋለሁ፡፡ እህቴ ግን «ትምህርቴን ልጨርስ፤ ከዚያ አስቤ እመልሳለሁ» አለች፡፡ ሽማግሌዎቹ ተያዩ፡፡ እናቴ ጓዳ ገብታ ተቆጣች፤ «የሰው ልጅ በር ላይ አይቆምም!» አለች፡፡ እኔም (አሁን እንደማፍርበት ይመዝገብልኝ) «አታካብጂው፤ እሺ በያቸው» ብያታለሁ፡፡ እህቴ ምንም አልመለሰችልኝም፡፡ ስልኳን ከፈተች፡፡ ያኔ ክፍል ሦስት ላይ ነበረች፡፡

ቅዳሜ ጉዱማሌ ላይ አያቴ «ይጠብቅ» ያለችው ስለ ቻይናዊው ሰውዬ ይሁን ስለ ሌላ ሰው እርግጠኛ አይደለሁም፡፡ ተነስተን ስንሄድ ግን የእህቴን ክንድ ይዛ ዝግ ብላ ነበር የምትራመደው፡፡ እኔ ታክሲ ልያዝ ብዬ ከፊት ከፊት እሮጣለሁ፡፡ ዞር ስል ሁለቱም ቆመው ሐይቁን ያያሉ፡፡

«ኑ እንጂ፣ ይመሻል!» አልኳቸው፡፡

አያቴ እጇን አወዛወዘችልኝ፡፡ ይጠብቅ ማለቷ ነው፡፡

ጠበቅኩ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡